በጅማ የሆቴልና የድርጅት ግቢ የእንክብካቤ ወጪን በተክል ምርጫ መቀነስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ እርጥብ ግንድ ሰክተው ቢሄዱ ይበቅላል። ወጪው የሚመጣው ከበቀለ በኋላ ነው፤ ማጨድ፣ መከርከም፣ ማረም፣ ቅጠል መጥረግ፣ በበጋ ደግሞ ውሃ በቦቴ ማስመጣት። አንድ ሆቴል፣ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ነዳጅ ማደያ ለግቢው በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ በአብዛኛው የተወሰነው ተክሉ በተመረጠበት ቀን ነው። ሁለት ሜትር ተኩል የሚያድገውን ቁጥቋጦ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መስኮት ሥር የተከለ ሰው ተክሉ በሕይወት እስካለ ድረስ የመቀስ ዋጋ ይከፍላል።

ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። እንግዲህ ለጅማ ግቢ የሚሆን ተክል ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት፦ ስምንት ወር እርጥበት ሳያበሰብሰውና ከልክ በላይ ሳያስረዝመው ማለፍ፣ አራት ወር ድርቀትን ደግሞ ያለ ውሃ ማጠጫ ጎማ መቻል። የአዲስ አበባን ወይም የሐዋሳን ግቢ አይቶ የተክል ዝርዝሩን እንዳለ መቅዳት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ ሰዓቱና ውሃው የት እንደሚሄድ መመዝገብ

ግቢውን በሜትር ለክተው በክፍል በክፍል ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ክፍል ስፋቱን በካሬ (አጥር ከሆነ ርዝመቱን በሜትር)፣ የሚሠራውን ሥራና የፈጀውን ሰዓት አትክልተኛው በደብተር ይመዝግብ። ምዝገባው ሁለት ወር ይበቃዋል፤ አንዱ ሐምሌ፣ ሌላው ጥር መሆን አለበት። ሐምሌን ብቻ የመዘገበ ሰው ማጨዱን እንጂ ውሃውን አያይም፤ ጥርን ብቻ የመዘገበ ደግሞ የመቀሱን ሥራ ያጣዋል።

ውሃው ራሱ እንዲህ ይሰላል። በአንድ ካሬ መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ሊትር ነው። በበጋ ለምለም ሆኖ እንዲቆይ የሚፈለግ ሣር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል። 500 ካሬ ሣር ያለው ሆቴል በቀን 2,000 ሊትር፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት 120 ቀናት 240,000 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ በ10,000 ሊትር ቦቴ 24 ምልልስ ነው። የአንዱን ቦቴ የዛሬ ዋጋ በ24 አባዝተው ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ ያሳዩት፤ ሣሩ በግማሽ ይቀነስ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

አፈሩን ሳያውቁ ችግኝ አይግዙ

የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ በአብዛኛው ኮምጣጣ (አሲዳማ) ነው። ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ሲወርዱ ግን አፈሩ ይጠቁራል፣ ውሃም ይቋጥራል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ስለሚችሉ በየክፍሉ መፈተን ያስፈልጋል።

30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። ያ ውሃ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ። ከ2.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ለአብዛኛው ተክል ይሆናል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ወይም እርጥብ እግር የሚወድ ተክል መትከል። ቄጤማ፣ ካና እና ነጭ ካላ የተባሉት አበቦች እንዲህ ባለ ቦታ ያለ ማንም እርዳታ ይኖራሉ። ቄጤማው ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚጎዘጎዘውን ከገበያ ከመግዛትም ያድናል። የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳና አቮካዶ ግን እዚህ ቦታ ላይ በአንድ ክረምት ሥራቸው ይበሰብሳል።

አዲስ ሕንፃ ያለበት ግቢ ሌላ ችግር አለው። የግንባታ ሠራተኛ የተረፈ ሲሚንቶና የተፈረፈረ ልስን ከግድግዳው ሥር ቀብሮ አፈር ያለብሰዋል። ዙሪያው ሁሉ ኮምጣጣ ሆኖ ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ያለው አፈር ኖራማ ይሆናል። ቡና፣ ጋርዴኒያ ወይም አዛሊያ እዚያ ሲተከል አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆንና የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ አትክልተኛው ዩሪያ ይጨምርበታል፣ አይለወጥም። የጎደለው ናይትሮጂን ሳይሆን ኖራው ያሰረው ብረት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከግድግዳው ሥር ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር አውጥተው አቼቶ ያፍስሱበት። ከተንጨረጨረና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ከተቻለ ፍርስራሹን 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ አውጥተው በቀይ አፈር ይተኩት። ካልተቻለ አጋፓንተስ (በረጅም አገዳ ላይ ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል) ወይም ቡገንቪላ ይትከሉበት፤ ኖራው ግድ አይሰጣቸውም።

አፈር ከውጭ ሲገዙ የመጣበትን ቦታ ሄደው ይዩ። እንግጫና ፓርቲኒየም ያለበት መሬት አፈር በአንድ መኪና የዓመታት የአረም ሥራ ይዞ ይመጣል።

ሣር፦ የት ይቅር፣ የት ይነሳ

ሣር የሚገባው ሰው የሚቀመጥበትና የሚረግጠው ቦታ ላይ ነው፤ የሠርግ ድንኳን የሚጣልበት፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ እንግዳ ወንበር አውጥቶ ቡና የሚጠጣበት። ከዚህ ውጭ ያለውን ለማንሳት በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

አንደኛ፣ ተዳፋት። በሦስት ሜትር አግድም አንድ ሜትር ከሚወርድ በላይ የተዳፋ መሬት ላይ ማሽን መግፋት አደገኛ ነው፣ ክረምት ላይ እግር ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በማጭድ ይታጨዳል፣ ሰዓቱም እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል የጠበበ ስትሪፕ፤ በታዜላና በግድግዳ መካከል ያለው ቀጭን ሣር ማለት ነው። እዚያ ማሽኑ መዞር አይችልም፣ ሁሉም ጠርዝ ነው፣ ጠርዝ ደግሞ በእጅ ነው። ሦስተኛ፣ ከዛፍ ሥር። ሰርዶ ጥላ አይችልም፤ እየሳሳ መሬቱ ይራቆታል፣ በየዓመቱ እንደገና ይተከላል።

ለተዳፋቱ ቬቲቨር ሣርን የሚያህል የለም። ጅማ ለቬቲቨር ባዕድ አይደለችም፤ ከከተማዋ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ማሳ ላይ አፈር እንዲይዝ አስቀድሞ ያስገባውና ያላመደው ነው። ግንጣዩን በ10 እና 15 ሴንቲ ሜትር መካከል እያራራቁ፣ ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ መስመር ይትከሉ። ከመስመር መስመር ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ይሁን። ሥሩ ቁልቁል ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይንሰራፋም፤ ፍሬውም አይበቅልም፤ ስለዚህ አረም አይሆንም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ፣ ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ላይ መቁረጥ ይበቃዋል። አንድ ችግኝ ተዘልሎ ክፍተት ከቀረ ክረምቱ በዚያ ቀዳዳ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ ከተከሉ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ክፍተቱን ይሙሉ።

ለቀጭኑ ስትሪፕና ፀሐይ ለሚያገኝ መደብ አጋፓንተስ ይሆናል። ሳይቆረጥ በልኩ ይቆማል፣ በበጋም ሥጋማ ሥሩ ይረዳዋል። በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሰያፍ አድርገው ሲተክሉት በካሬ ወደ 6 ይገባል። 50 ካሬ ለመሸፈን 300 ችግኝ ማለት ነውና ሁሉንም መግዛት አያስፈልግም። ሲሶውን ገዝተው ግቢው ጓሮ ባለ መደብ ላይ ያባዙት፤ የጎለመሰ አንድ ጉንጉን ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ለአምስትና ለስድስት ይከፈላል። ከዛፍ ሥር ላለው ጥላ ደግሞ በየሳሎኑ ተንጠልጥሎ የሚታየው ነጭ መስመር ያለው ክሎሮፊተም ራሱን በራሱ እያባዛ ይሸፍናል።

የሚቀረውን ሣር ሰርዶ ያድርጉት፤ በጥር ውሃ ቢያጣ ይገረጣል እንጂ አይሞትም፣ የመጋቢት ዝናብ ሲነካው በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ከመንገድ የሚታየውን 50 ወይም 100 ካሬ ብቻ እያጠጡ የኋላውን ቢጫ እንዲሆን መፍቀድ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሰርዶ ግን ወደ አበባ መደብ ይሳባል። በመካከላቸው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተቀበረ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ጠርዝ ከሌለ አረሙ ማብቂያ የለውም።

አጥርና ቁጥቋጦ

በጅማ ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ከሣር ቀጥሎ ሰዓት የሚበላው የሚከረከም አጥር ነው። ዱራንታ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይይዛል፣ በክረምት ግን በየሦስትና አራት ሳምንቱ መቀስ ይፈልጋል። 100 ሜትር አጥር ሁለት ጎንና አንድ አናት አለው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚከረከመው ገጽ 260 ካሬ ነው። ያንን በዓመት አሥር ጊዜ መከርከም ማለት 2,600 ካሬ በእጅ መቀስ መሥራት ነው።

መፍትሔው የሚፈለገውን ቁመት አስቀድሞ ጽፎ፣ በተፈጥሮው እዚያ አካባቢ የሚቆም ተክል መፈለግ ነው። ለአንድ ሜትር አጥር አደስ እጅግ ጥሩ ነው፦ አዝጋሚ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢነካ ይበቃዋል፤ ውሃ በማይቋጥር መሬት ላይ ይሁን እንጂ። ቅጠሉን የፀጉር ቅቤ ማሽተቻና የቄጤማ ማጀቢያ አድርጎ የሚያውቅ እንግዳ ሲያልፍ ሽታውን ያውቀዋል፤ ይህ ዱራንታ የማይሰጠው ነገር ነው። አዝጋሚነቱ ዋጋም አለው፤ ለመዝጋት ሦስት ዓመት ያህል ትዕግሥት ይፈልጋል።

ጥላ ላለበት ዳርቻ ድራሴና ይምረጡ፤ በየቡና ማሳውና በየጓሮው ዳር ተሰክቶ የሚታየው ሰፊ ቅጠል። ግንዱ ተቆርጦ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሰካል፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይሰፋም፣ በዓመት አንዴ አናቱ ቢቆረጥ ይበቃል። ሰንሰል ለጓሮ አጥር እንጂ ለፊት ለፊት አይደለም፤ ዝናብ ሲያገኝ ያለ ልክ ይረዝማል። የፈረንጅ ጥድን ለአጥር ከመትከል ይቆጠቡ። መቀሱ አረንጓዴውን ሽፋን አልፎ ቡናማው እንጨት ከታየ ተመልሶ አያቆጠቁጥም፣ ቀዳዳው ለዘለቄታው ይቀራል፤ በዚያ ላይ አፊድ የተባለ ተባይ ያደርቀዋል።

የጥብስ ቅጠል በደብረ ብርሃን ወይም በመቀሌ ግሩም ድንበር ነው። በጅማ ግን ከፍ ያለና ጠጠር የተቀላቀለበት መደብ ካላገኘ በነሐሴ ከሥሩ ይጠቁራል። ጽጌረዳም እንዲሁ፤ በዝናቡ ወራት ቅጠሉ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይረግፋል፣ በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት ይጠይቃል። ፍቅሩ ካለ አሥር ግንድ በር ላይ ይኑር፣ መቶ አይሁን። በየሦስት ወሩ እየተነቀሉ የሚተኩ ወቅታዊ አበቦችም ከመደብ ወጥተው በር ላይ ባሉ አራትና አምስት ትላልቅ ማሰሮዎች ይወሰኑ።

ዛፍ

ዛፍ ሲመረጥ የሚታየው ምን እንደሚጥልና የት እንደሚጥል ነው። ዋንዛ የአገሩ ጌጥ ነው፣ ነጭ አበባው ያምራል፤ ነገር ግን ሙጫማ ፍሬው መኪና ላይ ይጣበቃልና ከፓርኪንግ በላይ አይተከልም። አቮካዶም እንዲሁ። ጃካራንዳ አበባውን ሲያራግፍ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሰው ይጥላል። ግራቪሊያ ከጣሪያ አጠገብ ከሆነ አሸንዳውን ይደፍናል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል። ፊከስ ከፍሳሽ መስመርና ከታዜላ ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ፤ ሥሩ የቧንቧ መጋጠሚያ ፈልጎ ይገባል። ረጅሙ ዋሽንግቶንያ ዘንባባ የደረቀ ቅጠሉን አይጥልም፤ በየዓመቱ ሰው መውጣት አለበት፣ ቁመቱ አሥር ሜትር ሲያልፍ ደግሞ መሰላል አይደርስም።

ዝግባና ወይራ ቀስ ይላሉ፣ ግን የሚያስጠርጉት ጥቂት ነው፤ ሕንፃ ቅርብ ከሆነ አምስት ሜትር ርቀው ይተከሉ። ሰፊ ሜዳ ካለ ሰሳ ይሁን፤ ጥላው ሰፊና ስስ ስለሆነ ከሥሩ ቡና ይወዳል።

ቡናን በጅማ ግቢ ውስጥ አለማየት ያሳዝናል። ከጥላ ዛፍ ሥር በሁለት ሜትር ርቀት ሲተከል ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያንጸባርቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ አበባው ሲፈነዳ ሽታው እንግዳ መቀበያው ድረስ ይገባል። አንድ ግዴታ ግን አለው፦ ፍሬው ሁሉ መለቀም አለበት። ዛፉ ላይ የደረቀና መሬት የወደቀ ፍሬ የተባይ መራቢያ ይሆናል። ለቀማው ለሠራተኛው እንዲሆን ቢፈቀድለት ግቢው ሳይከፍል ይጸዳል።

ችግኝ ሲገዙ

ረጅሙን አይምረጡ። ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ እርሳስ የሚያህል ግንድና ደማቅ ቅጠል ያለው ይበልጣል። ከእያንዳንዱ ዓይነት የአንድ ችግኝ ዋጋ ይክፈሉና ፕላስቲኩን ቀደው ሥሩን ይመልከቱ። ዋናው ሥር ከታች እንደ ከዘራ ከታጠፈ፣ ወይም ፕላስቲኩን ተከትሎ ከተጠቀለለ ያንን ክምር ይተዉት። እንዲህ ያለ ችግኝ ሁለት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና በሦስተኛው በጋ ውሃ ፍለጋ ሥሩ ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው ይደርቃል፤ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የአትክልተኛው ይመስላል።

መሬቱን ማዘጋጀትና መትከል

የቀን መቁጠሪያው በሰርዶ ይጀመራል። መሬቱን በጥርና በየካቲት ቆፍረው ሥሩን ወደ ላይ ይገልብጡት፤ ፀሐዩ ያደርቀዋል። ክረምት ላይ ከቆፈሩት እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ችግኝ ይበቅላል። በመጋቢት ዝናብ ያቆጠቆጠውን በሚያዝያ እንደገና ይልቀሙ። ዝናቡ ሲጸና፣ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ይትከሉ። ነሐሴ ካለቀ በኋላ ለዛፍ ይዘገያል፤ ሥሩ ሳይወርድ ኅዳር ይደርስበታል።

የዛፍ ጉድጓድ 60 በ60፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር። እርጥብ ቀይ አፈር በአካፋ ሲቆረጥ የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ተለሰነ ሸክላ ይለሰልሳል፣ ሥር አያሳልፍም፤ በዶማ ጫፍ ይጫጭሩት። የራሱን አፈር ሦስት እጅ፣ የበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ ይቀላቅሉ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ታችውን ብቻ ቀዶ መትከል የተለመደ ስህተት ነው። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም፤ አፈሩ ሲሰምጥ ይስተካከላል፣ ውሃ አንገቱ ላይ አይቆምም።

አፈሩን መሸፈን፦ የቡና ገለፈት

ጅማ ከሌላው ከተማ የምትበልጥበት ነገር ይህ ነው። ከጀንፈል መቀሸሪያ የሚወጣው ደረቅ ገለፈት በየአካባቢው ይከመራል። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ አብዛኛውን አረም ያፍናል፣ በበጋ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም ፖታሲየም ይሰጣል። ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው እርጥብ ገለፈት ግን ሌላ ነው፤ ይግላል፣ ይሸታል፣ ሥር ያቃጥላል። ከአራት እስከ ስድስት ወር በኮምፖስት ክምር ውስጥ እየተገላበጠ ካልበሰለ መደብ ላይ አይግባ። ምስጥ ባለበት ግቢ ማናቸውንም ገለፈት ከእንጨት በርና መስኮት አንድ ሜትር ያርቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች

በመጀመሪያው በጋ ለዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 ሊትር፣ ለቁጥቋጦ በሳምንት አንዴ 5 ሊትር። በሁለተኛው በጋ መጠኑን ሳይቀንሱ በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉት፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚረጭ ውሃ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረውና ተክሉን ለዘላለም የጎማ ጥገኛ ያደርገዋል። በሦስተኛው በጋ አሁንም ካላጠጡት የሚጠወልግ ካለ ለዚያ ቦታ አይሆንምና ይተካ።

የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከድሮው ይበልጣል፤ ይህ ለባለቤቱ አስቀድሞ መነገር አለበት። ስለዚህ ግቢውን በአንዴ ሳይሆን በሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሲሶውን፣ ከተዳፋቱና ከቀጭኑ ስትሪፕ ጀምረው ይለውጡ።

ውሉና አትክልተኛው

የእንክብካቤ ውል “በወር ሁለት ጊዜ ይከረከማል” የሚል ከሆነ የተክል ምርጫው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ሠራተኛው ለመከርከም ስለሚከፈለው አደሱንም አጋፓንተሱንም ኳስ ያደርጋቸዋል። ውሉ ውጤት ይጻፍበት፦ መንገዱ አንድ ሜትር ከሃያ ክፍት ይሁን፣ መስኮት አይሸፈን፣ መደብ ላይ አረም አበባ ሳያወጣ ይለቀም። አትክልተኛውንም አብሮ ማሠልጠን ይገባል፤ የተረፈው ሰዓቱ ችግኝ ወደ ማባዛትና ኮምፖስት ወደ ማዘጋጀት ይዙር እንጂ ሰውዬው የሚሰናበትበት ምክንያት አይሁን። ግቢውን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አቆራረጡን ተክሉ አጠገብ ቆመው ያሳዩት። የረዘመውን አንድ ቅርንጫፍ ይያዙ፣ ወደ ውስጥ እየተከተሉ ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያግኙ፣ እዚያው መገናኛው ላይ ይቁረጡት። ጫፉ ላይ ብቻ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሦስት ሳምንት አራትና አምስት አዲስ ቡቃያ ያወጣል፣ ሥራውም አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። ከመገናኛው የተቆረጠው እስከሚቀጥለው ክረምት ዝም ይላል።

በሦስተኛው ዓመት ቁጥቋጦዎቹ ተነካክተው መተፋፈን ሲጀምሩ መቀስ አያንሱባቸው። በሰኔ፣ ደህና ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ በየሁለቱ መካከል ያለውን አንዱን ከነአፈሩ ነቅለው ለሚቀጥለው ሲሶ ያዛውሩት።